ኬላው ላይ የተገለበጠው ነፋስ

አሁን ሒሳብ አስተምራለሁ። ክፍሌ ቫን ናይስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከምኖርበት አፓርትመንት በመኪና አሥር ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ፍሪዌይ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ጡረታ ገና ሩቅ ነው። ቢሆንም የመጀመሪያው ሙያዬ አልቋል። ያለቀ ሙያ ካለኝ ደግሞ ስለ እሱ እንደ ጡረተኛ ማውራት የሚፈቀድልኝ ይመስለኛል።

ተማሪዎቼ "ሚስ ማህደር፣ በፊት ምን ነበርሽ?" ይሉኛል።

"ሁለት የኮምፒውተር ቋንቋዎችን አገናኝ ነበር" እላለሁ።

"ሶ፣ አስተርጓሚ?"

"አይደለም" ብዬ ማስረዳት እጀምራለሁ፤ ሳልጨርስ ደወል ይደወላል። እዚህ ደወል ስለሌለ ከመጀመሪያው በቅደም ተከተል ልናገር።

ብዙ የምሕንድስና ድርጅቶች እኔ ሳልወለድ የተጻፉ ፕሮግራሞች አሏቸው። የተጻፉት ፎርትራን በሚባል ቋንቋ ነው። ሙቀት በግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ውኃ በቧንቧ፣ አየር በአዳራሽ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያሰላሉ። ፈጣን ናቸው፤ ስህተታቸውም በብዙ ዓመት ሥራ አንድ በአንድ ተለቅሟል። ስለዚህ እንደገና ልጻፋቸው የሚል ሰው የለም። አዲሶቹ ሠራተኞች ግን የሚያውቁት ፓይተንን ነው። በፓይተን ፋይል መክፈት፣ ሥዕል መሥራት፣ ውጤቱን ስክሪን ላይ ማሳየት ቀላል ነው። እናም አዲሱ ፕሮግራም ከባዱ ስሌት ላይ ሲደርስ አሮጌውን ይጠራዋል፤ "ይህን ሰንጠረዥ ውሰድ፣ አስላና መልሱን ስጠኝ" ይለዋል። በሁለቱ መካከል አንድ ቀጭን ድልድይ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲ በሚባል በሦስተኛ ቋንቋ ይጻፋል። ያንን ድልድይ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። በድልድዩ ላይ ሰንጠረዡ ራሱ አያልፍም። የሚያልፈው የመጀመሪያው ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ የት እንደተቀመጠ የሚናገር አድራሻ፣ ከዚያም የረድፉና የዓምዱ ብዛት ነው። ቁጥሮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ፣ ሥራው ሲያልቅ ቦታውን ማን እንደሚያጸዳ የሚናገር የለም። ሁለቱም ወገኖች ሌላው እንደ እነሱ እንደሚያስብ አምነው ይሠራሉ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሳንታ ሞኒካ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ትንሽ ቢሮ ነበር። የባሕር ሞገድ እንተነብያለን። አለቃዬ ማይክ ይባላል፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቢሮ የሚመጣ፣ ከስብሰባ በፊት ዋኝቶ ፀጉሩ ሳይደርቅ የሚቀመጥ ሰው ነበር። በሦስተኛው ሳምንቴ ድልድይ ሠራሁና ውጤቱን አሳየሁት። ቁጥሩን አየ። እንደ እኔ ፕሮግራም ከሆነ ከወደቡ አጠገብ ያለው ባሕር ጥልቀቱ ከዚህ እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣል።

"ዛሬ ጠዋት ስዋኝ ይህን ማወቅ ነበረብኝ" አለ ማይክ።

ስህተቱ ቀላል ነበር። እኔ አራት ባይት የሜሞሪ ቦታ የሚይዙ ቁጥሮች ላክሁ፤ ፎርትራኑ ስምንት ባይት ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አጣብቆ እንደ አንድ አነበባቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ አስተካከልሁት። ያን ቀን ስስቅ ዋልሁ። ከእንዲህ ያለ ስህተት የማይጠቅመውን ትምህርት ነበር የወሰድሁት፦ ስህተት ካለ ይጮኻል ብዬ አመንሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ቢሮ ኪራዩ ስለከበደው ተዘጋ፤ እኔም ዌስትቼስተር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደሚገኝ ድርጅት ገባሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሻይ በየአራት ደቂቃው ይንቀጠቀጣል። ሥራችን በሕንፃ ውስጥ የአየር እንቅስቃሴን ማስላት ነበር። አለቃችን ሊንዳ ትባላለች፤ ቃል የማታባክን ሴት ናት። አሮጌውን የፎርትራን ፕሮግራም የጻፉት ደግሞ ጋሼ ተፈራ ነበሩ።

የእኛ ሰው እዚያ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። በመጀመሪያው ቀን ሊንዳ ወደ ጥግ ክፍል ወስዳኝ "ከእሱ ተማሪ" ብላ ሄደች። ቀና አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላ መነጽር ይፈልጋሉ።

"ማህደር ነሽ አሉኝ።"

"አዎ ጋሼ።"

"ፎርትራን ታውቂያለሽ?"

"ማንበብ እችላለሁ።"

"እኔም ፓይተን ማንበብ እችላለሁ። እንግዲህ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ነን፤ ቁጭ በይ።"

የጋሼ ተፈራን ልማዶች ሳልናገር ወደ ፊት መሄድ አልችልም። በሁለት ቋንቋዎች መካከል ያለውን ድንበር ኬላ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ኬላ አንድ ወፍራም የወረቀት ካርድ አላቸው። ካርዱ ላይ በእርሳስ ማን እንደሚጠራ፣ ምን እንደሚያስረክብ፣ መቁጠር ከዜሮ ይጀምር ከአንድ፣ ሥራው ሲያልቅ ማን እንደሚያጸዳ ይጽፋሉ። በእስክሪብቶ አይጽፉም፤ "በእስክሪብቶ የጻፈ ሰው መሳሳቱን አያምንም" ይላሉ። ኬላውን ሳይፈትሹ ደግሞ እውነተኛ ሥራ አያሳልፉም።

አፈታተሻቸው እንዲህ ነው። ሦስት ረድፍና ሦስት ዓምድ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ረድፍ 11፣ 12፣ 13 ይጽፋሉ፤ በሁለተኛው 21፣ 22፣ 23፤ በሦስተኛው 31፣ 32፣ 33። ሃያ ሦስት ማለት ሁለተኛ ረድፍ ሦስተኛ ዓምድ ማለት ነው። "ቁጥሩ ራሱ ቤቱን ይናገር" ይሉኛል። ይህን ሰንጠረዥ በፓይተን በኩል ይልኩና ፎርትራኑ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያውን ረድፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ከሆነ ኬላው ሰላም ነው።

ለምን ይህ ያስፈልጋል? ሜሞሪ ውስጥ ረድፍና ዓምድ የለም፤ ቁጥሮቹ በአንድ ረጅም መስመር ነው የሚደረደሩት። ሲ እና ፓይተን እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን ረድፍ ይጨርሱና ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ፎርትራን ደግሞ የመጀመሪያውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ዓምድ ይሄዳል። ድልድይ ሠሪው ይህን ከረሳ አንዱ ረድፍ ብሎ የላከውን ሌላው ዓምድ ብሎ ይቀበለዋል። አንድም ቁጥር አይጠፋም፤ ሁሉም ግን ቦታ ይለዋወጣሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ተፈራ ምሳ የሚበሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሞሉበት ፌርፋክስ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ምግብ ቤት፣ ሁልጊዜ መስኮት አጠገብ። እኔም ካርዶቼን ይዤ ከቫን ናይስ ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ፤ ፓርኪንግ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ እዞራለሁ። ጠረጴዛውን በካርድ ስለምንሸፍነው አስተናጋጇ ትሪ ይዛ ቆማ "ጋሼ፣ በያይነቱን የት ላስቀምጠው? ኮምፒውተሩ ላይ?" ትላቸዋለች። እሳቸው "ትንሽ ያዥልን፣ ኬላ ላይ ነን" ይሏታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ድልድይ አብረን ሠራን። ዘጠነኛውን ብቻዬን ሠራሁ።

የሠራሁት እንዲህ ሆኖ ነው። ሳንታ ሞኒካ ውስጥ ከአንድ ሆቴል ሥር ያለ ፓርኪንግ ነበር። ካሸሮቹ ራስ ምታት እያመመን ነው ብለው አመለከቱ። ሆቴሉም አዲስ የካሸር ቡዝ ሊያሠራ ወሰነ፤ ጥያቄው የት ይተከል የሚል ነበር። ሁለት ቦታ ታሰበ፦ መኪና የሚገባበት በር ጋ፣ ወይም ኤሌቬተሩ ጋ። ጣሪያው ላይ ያሉት ፋኖች፣ ማለትም የአየር መንጃዎች፣ የመኪናውን ጭስ ወዴት እንደሚገፉት እንድናሰላ ታዘዝን። ቡዙ በመስታወትና በብረት ተሠርቶ ወለሉ ላይ በቦልት የሚታሰር ስለሆነ ከተተከለ በኋላ ለዓመታት ያው ነው። በውስጡ ሰው በቀን ዘጠኝ ሰዓት ይቀመጣል።

ጋሼ ተፈራ በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ዕረፍት ወጡ። እኔ አዲስ ድልድይ ጽፌ ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ካርድ ጻፍሁ፤ በእርሳስ። የሦስት በሦስቱን ሰንጠረዥ ግን አላሳለፍሁም። ምክንያት ነበረኝ፤ ያኔ ጥሩ ምክንያት መሰለኝ። ከአሻንጉሊት ሰንጠረዥ እውነተኛ ሥራ ይሻላል አልሁ። በፋይል ውስጥ መልሱ የሚታወቅ አንድ የድሮ ምሳሌ ነበር። እሱን በአዲሱ ድልድይ አሳለፍሁት፤ መልሱ ከድሮው ጋር እስከ አሥራ ሁለተኛው አሃዝ ድረስ ገጠመ። ደስ አለኝና ለጋሼ ደወልሁ።

"ኬላውን ፈተሽሽ?"

"ፈትሼአለሁ ጋሼ።"

"በምን?"

"በድሮው ምሳሌ። እስከ አሥራ ሁለት አሃዝ ይገጥማል።"

"ጎበዝ። በይ ስሜንም ጨምረሽ ላኪው፤ እኔ እንደሆነ ዛሬ ግድግዳውንም አላየውም።"

ውጤቱ ጭሱ ኤሌቬተሩ ጋ እንደሚከማች፣ በሩ ጋ ግን አየሩ ንጹሕ እንደሆነ ያሳይ ነበር። የሚያምር ሥዕል ሠራሁ፤ ቀይ ጭስ፣ ሰማያዊ ንጹሕ አየር። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳዩ ትንንሽ ቀስቶችም ነበሩበት፤ ሥዕሉን ስላጨናነቁት አጠፋኋቸው። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዬ ይሞቃል። አሮጌው ቡዝ የት እንዳለ አልጠየቅሁም፤ ሪፖርቱ ተላከ፤ ሆቴሉም ሥዕሉን አምኖ ቡዙ በሩ ጋ እንዲተከል ወሰነ። ሐሙስ ቦልቱ ይመታል ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ሊንዳ ለዌብሳይታችን የፓርኪንጉን ፎቶ አንሺ ብላ ላከችኝ። በሩ ጋ በተቀመጠች አሮጌ የእንጨት ቡዝ ውስጥ ፀጉራቸውን በሻሽ ያሰሩ ሴት ተቀምጠዋል። ትኬቱን ሲሰጡኝ ትኩር ብለው አዩኝ።

"አንቺ ፌርፋክስ ላይ ከተፈራ ጋር ወረቀት የምትቆልይዋ አይደለሽም?"

እትዬ ብዙነሽ ይባላሉ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ፓርኪንግ ሠርተዋል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ተመለስሁና በኩራት ስልኬ ላይ ሥዕሉን አሳየኋቸው። "እትዬ ብዙነሽ፣ ይመልከቱ፤ አዲሱ ቡዝ እዚሁ ሰማያዊው ጋ ነው የሚሆነው። ከእንግዲህ ራስዎን አያምዎትም።"

ስልኩን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ አዞሩት።

"ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?"

"ጭሱ።"

"ኤሌቬተሩ ጋ?"

"አዎ።"

"ልጄ፣ ይሄን ሥዕል ገልብጠሽ ይዘሽው ነው።"

"አልተገለበጠም፣ ይኸው በሩ፣ ይኸው ኤሌቬተሩ።"

"እሱን አየሁት። ምሳዬን የት እንደምበላ ታውቂያለሽ? ኤሌቬተሩ ጋ፤ አየር ለማግኘት። ይሄን ሻሽ እዚህ ሰቅዬው ብሄድ እኮ እስከ እኩለ ቀን ናፍጣ ናፍጣ ይላል።"

አሁን የሠራሁትን ልናዘዝ። ለእትዬ ብዙነሽ አሥር ደቂቃ ሙሉ አስረዳኋቸው። ፓርኪንጉ በብዙ ሺህ ትንንሽ ክፍልፋዮች እንደተከፈለ፣ እያንዳንዱ ክፍል ለጎረቤቱ ስንት ጭስ እንደሚያቀብል፣ ይህ ሁሉ በትልቅ ሰንጠረዥ እንደሚጻፍ፣ መልሱም እስከ አሥራ ሁለት አሃዝ እንደገጠመ ነገርኋቸው። መኪና እያስገቡ፣ ትኬት እየቆረጡ በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስሁ።"

"የእኔ አፍንጫ ዲግሪ የለውም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ፉልታይም ሠርቷል።"

ስቄ ወደ መኪናዬ ሄድሁ። ስስቅ ግን አንድ ነገር ውስጤን ነካው፤ እኚህ ሴት ትንሽ ተለየ አላሉም፣ ተገለበጠ ነው ያሉት። መኪናዬ ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ጋሼ የሚያሳልፉትን ሦስት በሦስት ሰንጠረዥ በድልድዩ ላክሁ። ፎርትራኑ ጋ የደረሰውን የመጀመሪያ ረድፍ አነበብሁ።  ስልኬን አንስቼ ደወልሁ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ተኝተው ነበር?"

"አንድ ዓይኔ ተኝቷል። ምን ሆነሻል?"

"ነፋሱ ተገልብጧል።"

"የቱ ነፋስ?"

"የፓርኪንጉ። ሰንጠረዡን አሁን አሳለፍሁት።"

"አንብቢልኝ።"

"አሥራ አንድ። ሃያ አንድ። ሠላሳ አንድ።"

ጋሼ ተፈራ ቁጥሮቹን ደገሟቸው። ከበስተጀርባ ቴሌቪዥን ሲናገር ይሰማኛል።

"ያ የድሮው ምሳሌ" አሉ ቀጥለው፣ "ፋኖቹ ክፍት ናቸው ዝግ?"

ፋይሉን ከፈትሁ። ዝግ ነበሩ።

ሁሉ ነገር ያኔ ገባኝ። ፋን ካልዞረ አየሩ ረግቶ ይቆማል። አየሩ ከረጋ አንዱ ክፍልፋይ ለጎረቤቱ የሚያቀብለውና ጎረቤቱ ለእሱ የሚያቀብለው እኩል ነው። ያ ሰንጠረዥ ረድፉ ዓምድ ቢሆን፣ ዓምዱ ረድፍ ቢሆን ያው ነው፤ ምንም አይለወጥም። ለፍተሻ የመረጥሁት ምሳሌ ያንን ስህተት በምንም ዓይነት ሊያሳየኝ የማይችለው ነበር። ፋን ሲከፈት ግን ነፋሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ብቻ ይገፋል። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ተገልብጦ ሲነበብ ትርጉሙ ነፋሱ ወደ ኋላ ይነፍሳል ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልጮኸም። የተሟላ፣ የተስተካከለ፣ የሚያምር መልስ ሰጠ፤ ያውም የሌላ ፓርኪንግ መልስ።

"ሐሙስ ነው የሚተከለው?" አሉ ጋሼ።

"ሐሙስ።"

"ዛሬ ሰኞ ነው። ሊንዳ ጋ አሁኑኑ ሂጂ። እኔም ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።"

"ዓይንዎስ?"

"አፌ አልተሸፈነም።"

ወደ ዌስትቼስተር ስነዳ የምናገረውን አዘጋጀሁ። ሊንዳ ክፍል ገብቼ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ መሳል ጀመርሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቆመችኝ።

"ማህደር፣ ትምህርቱ በኋላ። የሆቴሉ መልስ ስህተት ነው?"

"ስህተት ነው።"

"በዚህ ድልድይ ስንት ሥራ አልፏል?"

"ሁለት። ይሄና አንድ መጋዘን።"

"ሁለቱም እንደገና ይሠራሉ። ለሆቴሉ ኢንጂነር አንቺ ትደውያለሽ።"

ከዚያ በኋላ ልባረር እችል እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ተፈራ በአንድ ዓይናቸው ላይ የፕላስቲክ ክዳን፣ ከላይ ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ። የወንበሩን መደገፊያ እየዳሰሱ ተቀመጡ።

"ስሜ አለበት" አሉ ለሊንዳ። "በምን ፈተሽሽ ብዬ ጠየቅሁ፤ ስትነግረኝ ደግሞ ጎበዝ አልሁ። የምሳሌውን ፋን መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።"

"ጋሼ፣ ስህተቱ የእኔ ነው" አልሁ በአማርኛ።

"አውቃለሁ፤ አንቺ ሠራሽው፣ እኔ አሳለፍሁት። ኬላ ላይ የሚቆመው ሰው ምን ሊሠራ ነው የቆመው?"

ሊንዳ ሁለታችንን እያየች "ስትጨርሱ ስልኩ እዚያ ነው" አለች። ማንም አልተባረረም። የሆቴሉ ኢንጂነር ነገሩን ከሰማ በኋላ "ስህተቱን ያገኘው ማነው?" አለኝ። "ካሸራችሁ ናቸው" አልሁት። ቡዙን ለአንድ ሳምንት አቆየው።

ድልድዩን ማስተካከል የአንድ መስመር ሥራ ነበር። አሁን ግን እኔ ራሴን አላመንሁም። ስለዚህ ውጤቱን ከማየቴ በፊት ባዶ የፓርኪንግ ካርታ አትሜ ወደ እትዬ ብዙነሽ ሄድሁ። "እስኪ የሚሸትበትን ቦታ በዚህ ያቅልሙልኝ" ብዬ ቀይ እርሳስ ሰጠኋቸው።

"አሁን ደግሞ ሥዕል ላስተምርሽ ነው?" አሉ። ግን ተጠንቅቀው አቀለሙ፤ በሩ ጋ ጠቆር አድርገው፣ ወደ መሃል ሳሳ አድርገው፣ ኤሌቬተሩ ጋ ባዶ ትተው። መሃል ላይ አንድ ምሰሶ አጠገብ ደግሞ እንደገና ጠቆር አደረጉ።

ቢሮ ተመልሼ ከአዲሱ ውጤት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥሁት። ከምሰሶው በቀር ሁሉም ይመሳሰላል። በማግስቱ ሄጄ "እዚህ ምሰሶ ጋ ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው ይላል" አልኋቸው።

"ፕሮግራምሽ ያ ፋን እንደተበላሸ ማን ነግሮት?"

ቀና ብዬ አየሁ። በፕላኑ ላይ ስድስት ፋን ይዞራል፤ ጣሪያው ላይ የሚዞሩት አምስት ናቸው። ሦስተኛው ከገና ጀምሮ ቆሟል። ፕሮግራሙ ውስጥ አቆምሁት፤ ምሰሶው አጠገብ ቀይ ሆነ።

ጋሼ ተፈራ ይህን ሲሰሙ አንድ ካርድ አውጥተው ጻፉ። ጠሪው፦ ፕላኑ። የሚጠራው፦ ፓርኪንጉ። የሚፈትሸው፦ ብዙነሽ። "ይሄኛውን ኬላ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም ጽፌው አላውቅም" አሉኝ።

በዚያ ሳምንት የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ላይ የፓርኪንጉ ሠራተኞች ከበቡኝ፤ መኪና የሚያቆሙት ሁሉ። ምን ተበላሽቶ ነበር አሉኝ። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ስዬ ረድፍና ዓምድ ስላቸው አንደኛው አቋረጠኝ።

"ይሄማ እኛም ጋ ሆኗል። ባለፈው ዓመት አዲስ ሰው ገባ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ እየቆጠርን ነው የምናቆመው፤ እሱ ከፊት ወደ ኋላ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰባት ቁጥር ብቻ! ለአንዲት ሴትዮ የሌላ ሰው ቁልፍ አመጣሁላት።"

"ልክ እሱ ነው!" ብዬ ጮኽሁ።

"እና ይሄን ለማወቅ ነው ኮሌጅ የገባሽው?"

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ሌላው "ታዲያ ፋኑ ሲዘጋ ለምን ልዩነት የለውም?" ብሎ ጠየቀኝ፤ መለስሁለት፤ ሌላ ጥያቄ መጣ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ወደ ቤት ስነዳ እስከዚያ ድረስ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን እንዳልነበረ አስተዋልሁ። በቀጣዩ ዓመት የማስተማር ፈቃድ ለማግኘት ተመዘገብሁ። ደመወዙ ያንሳል፤ አዎ፣ ዘመዶቼ ሁሉ ነግረውኛል። ጋሼ ተፈራ በእኔ የመጨረሻ ሳምንት እሳቸውም ጡረታ ወጡ፤ ካርዶቹን በሙሉ በሣጥን አድርገው በቦታዬ ለተቀጠረው ሰው ትተውለታል።

መጨረስ የምፈልገው ግን ቡዙ በተተከለ ማግስት ነው። ዓርብ ጠዋት ነበር። ኤሌቬተሩ ጋ፣ አዲስ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ መስታወቱ ላይ የፋብሪካው ወረቀት ገና ያልተላጠ ቡዝ ቆሟል። እትዬ ብዙነሽ ወንበሩን ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ ሬጅስተሩን ወደ ግራ ገፉት፣ ቦርሳቸውን አስቀመጡ። እኔ ስልኬን ይዤ ውጭ ቆሜአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። በሁለቱም ፕሮግራሞች፣ በካርታውም፣ በፋኑም ተማምኛለሁ፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ከእነዚህ አንዱም በውስጡ ተቀምጦ አልተነፈሰም።

"ራስዎን ያምዎታል?" አልሁ።

"ገና አምስት ደቂቃዬ ነው እኮ። ተረጋጊ።"

የኤሌቬተሩ በር ተከፈተና ሻንጣ የሚጎትት ሰውዬ ወጣ። እትዬ ብዙነሽ መስታወቱን ገፍተው ከፈቱ፣ ትኬቱን ተቀበሉ፣ መልስ ሰጡ፣ መልካም ቀን አሉት። በድሮው ቦታቸው አንድ ሰው ሲሄድ ወዲያው፣ ሳያስቡት፣ በእጃቸው መስታወቱን ይዘጉት ነበር፤ እጃቸው አሁንም ወደ መስታወቱ ሄደ። ጠርዙን ያዙት። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ እጃቸውን አነሡና ሬጅስተሩ ላይ አሳረፉ። ሁለተኛው ሰው መጣ። ሦስተኛውም መጣ። መስታወቱ ክፍት ነበር።